ጃንጥላው ስንት ገባ

«ዋጋው እንደሚያብጥ አሳይተሽኛል» አሉ ዶክተር ኃይለ ገብርኤል፣ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው እንደ ጨበጡ። «ለምን እንደሚፈነዳ ግን አላሳየሽኝም። ፍንዳታውን የማያስረዳ ስሌት ደግሞ ግማሽ ስሌት ነው።»

ሰብለ ወንጌል ፊት ለፊቷ የተቀመጡትን አማካሪዋን አየቻቸው። ከባሕር ዳር ከተነሡ ጀምሮ ሰውየው አንድ ጊዜም ቀና ብለው ሐይቁን አላዩትም። ብርቱካናማውን ላይፍ ጃኬት እስከ አገጫቸው ቆልፈው፣ ዓይናቸውን ጫማቸው ላይ ተክለው፣ ስለ ምዕራፍ አራት ብቻ ይናገራሉ። የኅዳር ማለዳ ነው፤ ጣና እንደ ተኛ ነው፤ ማዕበል የሚባል ነገር የለም። እሳቸው ግን ጀልባዋ ትንሽ ዘንበል ባለች ቁጥር ንግግራቸውን አቋርጠው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ስትቃና ደግሞ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። ሰብለ ሳቋን ለመዋጥ ብዙ ታገለች። ለነገሩ የመሳቂያ ቀን አልነበረም፤ የአራት ዓመት ልፋቷ ዛሬ ይለይለታል።

የምታጠናው ራሱን በራሱ የሚያባብስ የዋጋ ንረትን ነው። ዕቃው ስለ ጠፋ ወይም ስለ ተሻለ ሳይሆን፣ ዋጋው ትናንት ስለ ጨመረ ብቻ ዛሬም የሚጨምርበትን ጊዜ በሒሳብ ትገልጻለች። በእሷ ቀመር ውስጥ እያንዳንዱ ግዢ ልጆች አሉት። አንዱ ሲገዛ ያየ ሌላው ይገዛል፤ ያንን ያየ ሦስተኛው ይከተላል። አንድ ግዢ በአማካይ ከአንድ ያነሰ ልጅ ከወለደ ግርግሩ ቀስ እያለ ይበርዳል፤ አንድና ከዚያ በላይ ከወለደ ግን እሳቱ ራሱን እየመገበ ይሄዳል። የዶክትሬት ጽሑፏ የመጀመሪያ ሦስት ምዕራፎች በባሕር ማዶ ገበያዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። የአገሯ የአክሲዮን ገበያ ገና ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ጥናት የሚበቃ ታሪክ የለውም። አራተኛው ምዕራፍ ግን የራሷ ነው። ከተወለደችበት ከዘጌ፣ ከትንሿ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የንግሥ ቀን ጨረታ ያገኘችው ነው።

ዶክተሩ ምዕራፉን አልወደዱትም። ጽሑፉ ማክሰኞ ለፈታኞች ይላካል፤ ዛሬ ጨረታውን በዓይናቸው አይተው ካላመኑበት ምዕራፍ አራት ይወጣል፤ ምዕራፍ አራት ከወጣ ደግሞ ሌላ ሊሠራ ነውና አንድ ዓመት ሙሉ መቀመጥ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ዶክተር ኃይለ ገብርኤል ሞኝ አይደሉም፤ የያዙትን ግን ሐሳብም ይሁን የጀልባ ጠርዝ አይለቁም።

«ስለት እኮ ነው» አሉ እንደገና። «ሰው ለነፍሱ የሚሰጠው ገንዘብ ገበያ አይባልም።»

«ለነፍሱ ብቻ ቢሆንማ ሙዳየ ምጽዋት አለለት» አለች ሰብለ። «አንድ ጃንጥላ ላይ ሲሻማ አይውልም ነበር።»

ጀልባዋን የሚነዳው ሙኽታር ከኋላ ሆኖ ሳቀ። አባትና አያቱ በዚሁ ዳርቻ ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ሰብለንም ለትምህርት ወደ ከተማ ያሻገራት፣ ለበዓልም የሚመልሳት እሱ ነው።

«ዶክተር፣ የአምናው ጃንጥላ ስንት እንደ ገባ ቢሰሙ ኖሮ ይሄኔ ዋኝተው ይሄዱ ነበር» አለ።

«ስንት ገባ?»

ሙኽታር ነገራቸው። ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ከጫማቸው ላይ አነሡ። ሰብለ ግን አሁንም ስለ ፍንዳታው የጠየቋትን ታብሰለስል ነበር። ሦስት ዓመት በተከታታይ ጨረታውን በስልኳ ቀድታለች፤ የእያንዳንዱን ጥሪ ዋጋና ሰዓት አውጥታ በቀመሯ ፈትናዋለች፤ አወጣጡ ልክ እንደ ጻፈችው ነው። አወዳደቁ ግን ጸባዩ አይታወቅም። ገንዘብ ሲያልቅ ይቆማል እንዳይባል፣ ሀብታሞቹ ገና ኪሳቸውን ሳይነኩ የቆመበት ዓመት አለ። ወገብ ላይ የተሰበረ አለ፤ ሰማይ ጥግ ደርሶ የተሰበረም አለ። ሁልጊዜ ድንገት ነው፤ ሁልጊዜም ሁሉም ባንዴ ዝም ይላል።

ዘጌ ሲደርሱ ዶክተሩ መሬት በመርገጣቸው ብቻ ፊታቸው በራ፤ በደስታቸውም ላይፍ ጃኬቱን ማውለቅ ረሱ። ሰብለ ልታስታውሳቸው አስባ ተወችው። አማካሪን የሚያህል ሰው «ልብስዎን ያውልቁ» ብሎ ማረም እንዴት ይጀመራል? ሙኽታርም አይቶ ፈገግ አለ። ቡናውና ሎሚው ጣሪያ በሠራበት ቀጭን መንገድ፣ ነጭ በለበሰው የንግሥ ሕዝብ መሐል ለመሐል፣ ዶክተር ኃይለ ገብርኤል ብርቱካን መስለው ወጡ። ያገኛቸው ሁሉ እንግዳነታቸውን ከልብሳቸው አይቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። እሳቸውም የአገሩን ጨዋነት እያደነቁ አጸፋውን መለሱ።

በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እናቷ ወይዘሮ የሺአረግ እየጠበቁ ነበር። እንግዳውን በወጉ ከተቀበሉ በኋላ ልጃቸውን ወደ ዳር ሳብ አድርገው ጉንጯን እያገላበጡ ሳሟት።

«ዘንድሮስ?»

«ምኑ፣ እማዬ?»

«አንድ ነገር እንኳ ትጠሪ እንደሆን ብዬ ነዋ። አገሩ ምን እንደሚል አልሰማሽ። የመሪጌታ ልጅ አስተማሪ ሆና፣ ደመወዝ እየበላች፣ ለሚካኤል አንዲት ብር ካፏ አትወጣም ነው የሚሉ።»

«ነግሬዎት የለ? የሚያጠና ሰው አይጫረትም። እኔ ከጨመርሁበት በኋላማ የማጠናው ራሴን ነው።»

«እኔስ ገባኝ» አሉ ወይዘሮ የሺአረግ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ለአገሩ አንቺው አስረጂ።»

ሰብለ ሳቀች፤ ግን ነካት። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ቆማ፣ አብሮ አደጎቿ ሁሉ ሲጫረቱ፣ እሷ ስልኳን ዘርግታ ዝም ብላለች። ወሬው እንዳለ ታውቃለች። እናቷ ደጃፍ ላይ እንደሚሰሙት ግን አላሰበችም ነበር።

ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ዋርካው ሥር ሲሰበሰብ፣ አጫራቹ ሣህሉ ድንጋይ ላይ ወጣ። ሣህሉ በልጅነቱ የሰብለ አባት የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ የዜማ ተማሪ ነበር። ዜማውን ትቶ ገሾ ነጋዴ ቢሆንም ድምፁን ይዞት ወጥቷል፤ ሲጮኽ ከሐይቁ ማዶ ይሰማል እየተባለ ይቀለድበታል። ዛሬ በእጁ የያዘው አንዲት ባለስለት የሰጠችው፣ ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበት ቀይ ከፋይ ጃንጥላ ነው። ገንዘቡ ለቤተ ልሔሙ ክዳን ይውላል፤ ከክረምቱ ወዲህ ክዳኑ ማፍሰስ ጀምሯል።

«ይህማ ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር ካሉት ሱቆች በሁለት ሺህ ብር ይገኛል» አሉ ዶክተሩ በሹክሹክታ። «ባለፈው ሳምንት አይቼዋለሁ።»

«ሁሉም ያውቃል» አለች ሰብለ፤ ስልኳንም አበራች።

«ለቅዱስ ሚካኤል!» አለ ሣህሉ ጃንጥላውን ዘርግቶ እያሽከረከረ። «በአንድ ሺህ ተነሣ!»

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ለእርጥብ እንጨት እሳት እንደ መለኮስ ነበር። አንድ ሺህ ሁለት መቶ አለ አንዱ። ቆይቶ ሌላው መቶ ብር ጨመረ። ሰው ያስላል፤ ሰው ዞር ብሎ ዘመዱን ያነጋግራል። ዶክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ከመርዓዊ የመጣ አንድ የቡና ነጋዴ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብሎ ከሱቁ ዋጋ አሳለፈው፤ የዘጌ ጎረምሶችም ተንጫጩ። የመርዓዊ ሰው በሰፈራችን? ሦስት ሺህ! ነጋዴው ሦስት ተኩል አለ። የጎረምሶቹ ጩኸት የእህቶቻቸውን ድምፅ ቀሰቀሰ፤ ከሴቶቹ ወገን ሸጊቱ የምትባል ሎሚ ነጋዴ እጇን አወጣች፤ አራት ሺህ። አንዱ ጥሪ ሁለት ይወልዳል፣ ሁለቱ ሦስት። ሣህሉ አፉን ሳይዘጋ አምስት ሺህ ሆነ፤ ጃንጥላውን አዙሮ ሳይጨርስ ስድስት። ሰብለ በስሌት ወረቀት ላይ ያወቀችው ነገር በሰው ፊት ላይ ሲሮጥ አየችው። ዓይኖች ያበራሉ፣ አንገቶች ይረዝማሉ፣ የሚስቱን ክንድ ይዞ የነበረው ሰው ክንዷን ለቆ ኪሱን ይነካል። ደስ አላት፤ ሁልጊዜም ደስ ይላታል።

ወደ ዶክተሩ ዞረች። እጃቸውን አጣምረው የቆሙት ሰው ፈትተውታል። አንድ እርምጃ ወደፊት ወጥተዋል። ከንፈራቸው ከሣህሉ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል።

«ሰባት ሺህ!» አለ ነጋዴው።

«ሰባት ተኩል!» አሉ ጎረምሶቹ።

«ስምንት ሺህ! ስምንት ሺህ ብር ከሸጊቱ!» ሣህሉ ዘለለ። «ለሚካኤል ስምንት ሺህ ትንሽ ነው የምትሉ የታላችሁ!»

«ዘጠኝ ሺህ!»

ድምፁ ቀጭንና ያልለመደ ነበር። ዶክተር ኃይለ ገብርኤል ራሳቸው እጃቸው ወደ ላይ ተዘርግቶ ሲያዩት የሌላ ሰው እጅ የመሰላቸው ይመስላል። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ማንም አልገፋቸውም። ሕዝቡ ዞሮ ብርቱካናማውን ሰው አየ።

ዝም አለ። ሁሉም ባንዴ ዝም አለ። ስምንት ተኩል ሊል አፉን ከፍቶ የነበረው ጎረምሳ አፉን ከደነ። ነጋዴው ፈገግ ብሎ ደረቱ ላይ እጁን ጫነ። ሸጊቱ ራሷን ዝቅ አደረገች። ሣህሉ ሦስቱንም ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ጠራና እልልታው ዋርካውን አናወጠው።

«ምነው?» አሉ ዶክተሩ ደንግጠው። «ምነው ቆሙ? እየጨመሩ አልነበረም እንዴ? እኔ እኮ... ከእኔ በላይ ይጨምራሉ ብዬ ነው!»

«እንግዳ ነዎታ» አለ ከጎናቸው የቆመው ሙኽታር በቀላሉ። «እንግዳ ከዚያ ሁሉ ውሃ ተሻግሮ መጥቶ፣ እዚህ ቆሞ ዘጠኝ ሺህ ሲል ማን ይበልጠዋል? ነውር አይደለም?»

ሰብለ ይህን ሰምታ ስልኳን ዝቅ አደረገች።

ነውር። ይሉኝታ። ሰው ምን ይለኛል ማለት። ይህ ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ ጽሑፏ ውስጥ አንድም ቦታ አልገባም። ትናንትና ቤቷ ተቀምጣ ብትጠየቅ፣ ዘጌ ውስጥ እንግዳን፣ ሽማግሌን፣ ኀዘንተኛን በጨረታ መብለጥ ነውር መሆኑን ያለ ማሰብ ትመልስ ነበር። እንደ ውሃ ስለምትጠጣው አላየችውም፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ይባስ ብሎ የሚጠሩትን ሰዎች ማንነት ሆን ብላ ሳትመዘግብ ትታዋለች። ዋጋውንና ሰዓቱን ጽፋ ስሙን የተወችው፣ የሰውን ምጽዋት በስም ይዞ መቁጠር ስላሳፈራት ነው። አባቷ ሰው በሰጠው ልክ አይመዘንም እያሉ ነው ያሳደጓት። ይሉኝታን ከስሌቷ ያስወጣት የራሷ ይሉኝታ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት የመጨረሻ ድምፅ አስታወሰች፤ የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ኪዳነ ወልድ ነበሩ። የሁለተኛውን ዓመት አስታወሰች፤ ውዴ ነበረች፣ በዚያው ዓመት ልጇን የቀበረችው። ዋጋው ገና ወገብ ላይ ነበር፤ ማንም አልጨመረባትም። አምና ደግሞ ከጎንደር የመጡ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር። ድምፆቹ ሁሉ ስልኳ ውስጥ አሉ።

«ዶክተር!» አለች እጃቸውን ይዛ፤ ይሉኝታውንም ረሳችው። «አገኘሁት። ዋጋውን የሚያወጣው ምን ይሉኛል ማለት ነው፤ የሚሰብረውም እሱው ነው። ሰው ለመብለጥ ያፍራል፣ ላለመብለጥም ያፍራል። ጥሪው ሊበለጥ የማይገባ ሰው እጅ ሲገባ፣ ያ ጥሪ ልጅ አይወልድም። መካን ነው። ለዚህ ነው ሁሉም ባንዴ ዝም የሚል።»

ዶክተሩ ዘጠኝ ሺህ ብር የከፈለ ሰው በሚያይበት ዓይን አዩዋት። ቀስ በቀስ ግን ያ የለመደችው፣ የያዘውን የማይለቅ ፊታቸው ተመለሰ።

«መላ ምት ነው» አሉ። «ጥሩ መላ ምት ነው። ካለፈው መርጠሽ ያመጣሽው ግን ማስረጃ አይሆነኝም፤ የኔውም ጅልነት አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ከመሆኑ በፊት ተናገሪና እንዳልሽው ይሁን።»

«ይሁን። ጃንጥላውን ይመልሱ።»

«ምን?»

«ልማዱ ነው፣ ዶክተር» አለ ሙኽታር። «የገዛ ከፍሎ ይመልሳል፤ እንደገና ይሸጣል። ይዞ መሄድማ ጃንጥላ መግዛት ሆነ።»

ዶክተሩ ለአፍታ ጃንጥላውን አቅፈው ቆሙ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ለሣህሉ መለሱለት፤ የተነሣው እልልታ ከፊተኛው በለጠ። ሲመለሱ ጆሯቸው ቀልቷል፤ ደስታ ይሁን እፍረት አልለየም።

ሁለተኛው ዙር መነሻም አላስፈለገው። ሣህሉ አፉን ሳይከፍት ሁለት ሺህ ተባለ፣ ወዲያው ሦስት። ሰብለ በሹክሹክታ ትናገራለች፤ ዶክተሩ ያዳምጣሉ። ነጋዴው ሲጠራ «ይበለጣል» አለች፤ ተበለጠ። ጎረምሶቹ ሲጠሩ «ይበለጣል»፤ ተበለጠ። ስድስት ሺህ፣ ሰባት፣ ስምንት። ዶክተሩ እያንዳንዱ ላይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዘጠኝ ሺህ ሲደርስ ሣህሉ ትንፋሽ ለመውሰድ ይመስላል ዓይኑን በሕዝቡ ላይ አዙሮ ሰብለን አገኛት።

«እስቲ የመሪጌታ ልጅ!» አለ እየሳቀ። «ዘንድሮም ስልኳን ብቻ ይዛ መጣች! ምነው፣ ስልኩ ይጨምርልን እንዴ?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰብለም አብራ ሳቀች። ግን ከሴቶቹ ወገን እናቷ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲስቡ አየች፤ ሳቁም በአፏ ላይ ቀረ።

«አሥር ሺህ» አለ አንድ ድምፅ።

ጮክ ያለ አልነበረም። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ከካህናቱ መሐል ተነሥተው በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል። ዕድሜ ልካቸውን የደብሩን ልጆች ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ጨረታ ላይ አንድ ቀን አፋቸውን ከፍተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«አሥር ሺህ» አሉ ደግመው። «በልጄ በሰብለ ወንጌል ስም።»

«አይበለጥም» አለች ሰብለ ለዶክተሩ በሹክሹክታ፣ እንደ ጀመረችው ሳታስበው።

ሕዝቡ ጸጥ አለ፤ ወፍ እንኳ የሚሰማ ነበር። ዘጌ ላይ የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስን ጥሪ የሚበልጥ አልተወለደም። ግማሹ ሕዝብ ተማሪያቸው ነው፤ ግማሹን ደግሞ ክርስትና አንሥተውታል።

«አንደኛ ጊዜ» አለ ሣህሉ፤ ድምፁ ለስልሷል፤ በቀልዱ የተጸጸተ ይመስላል።

ዶክተሩ የሰብለን ክርን ያዙ። «ቆመ!» አሉ በጆሮዋ። «አንቺ እንዳልሽው ቆመ! በቃ፣ ዝም በይ። ሦስተኛውን ይበልና ምዕራፉ ይገባል። ማክሰኞ እንልከዋለን። ዝም በይ ብቻ።»

ዝም ማለት ምን ያቅታል? ሦስት ዓመት ያደረገችው ነው። ሣህሉ የቀሩትን ሁለት ቃላት ሲጨርስ ምዕራፏ ይድናል፤ አስቀድማ ተናግራ የሆነ፣ ጥርት ያለ ማስረጃ። ግን አባቷን አየቻቸው። አሥር ሺህ ብር የት እንዳለ ታውቃለች፤ የትም የለም። ነገ ጠዋት መሪጌታ ገና በዛፉ ላይ ያለውን ቡናቸውን ለነጋዴ በርካሽ ያስይዛሉ፣ ዓመቱንም ሙሉ ያለ ምሬት ያንኑ ችለው ይኖራሉ። ይህንንም የሚያደርጉት ልጄ ከሰው አነሰች እንዳይባል ነው። እሷ ደግሞ እዚህ ቆማ፣ የአባቷ ጥሪ ልጅ አይወልድም ብላ ለአማካሪዋ ተናግራለች።

«ሁለተኛ ጊዜ» አለ ሣህሉ።

አባቱን በአደባባይ የበለጠ ልጅ ዘጌ አይታ አታውቅም። ሰብለ ምን እንደሚባል ታውቃለች። የደመወዟንም ልክ ታውቃለች።

«አሥራ አንድ ሺህ!»

ዶክተሩ ክርኗን ለቀቁ። «ሰብለ!» አሉ።

ሣህሉ ሦስተኛ ሊል የከፈተውን አፉን መዝጋት ረሳ። ሕዝቡ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ አባቷን ያያል። አንዲት አሮጊት አማተቡ።

«ባባትሽ ላይ?» አለ ሣህሉ በመጨረሻ።

«ባባቴ ላይ» አለች ሰብለ።

«መሪጌታ፣ ምን ይላሉ እንግዲህ?»

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩዋት። ሰብለ ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለገች፤ ኀዘን ፈለገች። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ቢይዙም ሳቁ አመለጣቸው።

«ምን እላለሁ!» አሉ። «ቆጠራን ያስተማርኋት እኔ፤ ቆጥራ በለጠችኝ!» ብለው ተቀመጡ።

ሕዝቡ ከእሳቸው ጋር ሳቀ፤ አየሩም ባንዴ ቀለለ። ግን የሚጨምር አልተሰማም። ሣህሉ እጁን አነሣ። ሰብለ ቆማ ጠበቀች። አሁን ዝምታው የመጣው በአባቷ ጥሪ ላይ እንደሆነው ከአክብሮት ይሁን፣ ወይስ እሳቱ በእርግጥ ሞቶ፣ አታውቅም፤ ይህኛውን አስቀድማ አልተናገረችም። አንድ ነገር ብቻ ታውቃለች፤ ማንም ካልጨመረ ምዕራፏ ተበላሽቷል፣ ደመወዟም ሄዷል።

«አንደኛ ጊዜ!»

«አሥራ ሁለት ሺህ!» አለ ሙኽታር።

ሁሉም ዞረ። ሙኽታር ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ምን ታዩኛላችሁ? የዚህን ቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ባሕር ያሻገረ አያቴ አይደለም? ወላሂ፣ መሪጌታን መብለጥ አይሆንልኝም፤ ልጃቸውን ግን አልለቃትም። ስንት ጊዜ በነፃ አሻግሬያታለሁ!»

«አሥራ ሁለት ተኩል!» ሸጊቱ ነበረች፤ ከሴቶቹ ወገን እየተጋፋች ወጣች። «አብሬያት ነው የተማርሁ፣ ለሷስ አልተውላት!»

«አሥራ ሦስት!» አሉ ጎረምሶቹ በአንድ ድምፅ፤ ከመርዓዊ የመጣው ነጋዴም ኮቱን አውልቆ ለጎረቤቱ ሰጠ። ወይዘሮ የሺአረግ ነጠላቸውን ከዓይናቸው አውርደው፣ ጎናቸው ላሉት ሁሉ «ልጄ ናት፣ የኔ ልጅ ናት» ይላሉ፤ የማያውቅ ያለ ይመስል። እልልታውና ዋጋው ተቀላቅሎ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም፤ ሣህሉ በጃንጥላው ራሱን ከጩኸቱ እየከለለ ይስቃል።

ዶክተር ኃይለ ገብርኤል በዚያ ሁሉ ግፊያ ውስጥ የሰብለን ነጠላ ጫፍ ይዘው ይጎትቱ ነበር። ፊታቸው በላብ ወርዝቷል፤ ዓይናቸው ግን ሰብለ አይታ የማታውቀው ዓይን ነው።

«ሰብለ! ሰብለ ወንጌል! ይህ እኮ አንቺ ካልሽውም በላይ ነው! አንቺን መብለጥ ነውር ስላልሆነ ነው፤ አየሽ? የተዘጋውን በር ከፈትሽው፤ እዚህ ላይ ቀመሩ ራሱ ይለወጣል! ምዕራፍ አራት ላይ ምን ብለን ነው የምንጽፈው? ትሰሚኛለሽ? ማክሰኞ እኮ ነው!»

«ዶክተር፣ ይቆዩኝ» አለች ሰብለ ወንጌል፤ ስልኳን እጃቸው ላይ አስቀምጣ እሷ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ሰደደች። «በልጠውኛል።»